ቁስቋምን በልብስ ሰፊ ዓይን

ጎንደር ወዳለችው የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ፣ ቁስቋም፣ የወጣሁት ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ሐሙስ ከሰዓት፣ ሌላው በማግስቱ ጠዋት። የመጀመሪያውን ባልቆጥረው ደስ ይለኝ ነበር። ግን እናንተ እንዳትደግሙት ከሱ ልጀምር።

ሥራዬ ልብስ መስፋት ነው። ሽሮ ሜዳ፣ ከአንድ አልጋ ብዙም በማይሰፋ ሱቅ ውስጥ ሃያ ዓመት ቀሚስ ስቆርጥና አንገት ስጠልፍ ኖሬያለሁ። ጎንደር የሄድኩት የእህቴ ልጅ ጥር ላይ ስታገባ ነው። የሙሽራዋን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሻንጣ ውስጥ ይጨማደዳል ብዬ አዘዞ እስክንወርድ ድረስ ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፌው ነበር። ሠርጉ በሰላም አለፈ፣ መልሱም ቅልቅሉም አለቀ፣ ሁለት ቀን ተረፈኝ። ፋሲል ግቢን ልጅ ሆኜም ካደግኩም በኋላ አይቼዋለሁ። የእቴጌ ምንትዋብን ግቢ ግን በፎቶ ካልሆነ አላውቀውም ነበር።

ካረፍኩበት ቤት አጠገብ አንድ ልጅ «አስጎብኚ ነኝ» አለኝ። መታወቂያ አልጠየቅኩትም። ባጃጅ ያዝን። ዳገቱ ሲጀምር ባጃጇ ማቃሰት ጀመረች። ሹፌሩ ዞር ብሎ «እህቴ፣ ከዚህ በላይ አትወጣም» አለኝ። ሒሳቡን ግን እስከ ላይ ድረስ ነው የተቀበለኝ። ያደረግኩት የሠርጉን ባለ ታኮ ጫማ ነው። አቧራውና ድንጋዩ ላይ እየተንገዳገድኩ ወጣሁ። ልጁ ግንቡ ፊት አቆመኝና «ምንትዋብ የአፄ ፋሲል ልጅ ናት» አለኝ። እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም፤ ትምህርት ቤት ግን ተኝቼ አልዋልኩም። አፄ ፋሲል ያረፉት በ1667 ነው፣ እቴጌዋ ዘውድ የጫኑት በ1730። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ መቀላቀል አልወድም።) ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ «በቃ፣ ይኼው ነው» ብሎኝ ወረድን። የታየኝ ነገር ቢኖር ፀሐይና ድንጋይ ነው። ተረከዜም ተልጦ ገባሁ።

ማታ አክስቴ ቤት እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ይህንን ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ። አክስቴ ወደ ሰባ ዓመት ይጠጋቸዋል። የኅዳር ቁስቋም ቀርተው አያውቁም።

«ማንን ይዘሽ ነው የሄድሽው አንች? ቁስቋም እኮ ለማየት አይኬድም። ለመዋል ነው የሚኬደው። ነገ እኔ እወስድሻለሁ። ያንን ጫማ ግን ለሙሽራዋ ስጫት።»

ከዚህ በታች ያለው በሙሉ የዓርቡ ነው።

ከቤት የወጣነው ገና ሳይሞቅ ነው። ቁስቋም ከከተማው መሀል ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ተራራው ግርጌ ላይ ናት። በባጃጅ ሩቅ አይደለም፤ በእግር ግን ዳገቱ ለአዲስ አበባ ሰው እንኳ ይሰማል። አክስቴ እንደ ፍየል ነው የሚወጡት። እኔ በየሃምሳ እርምጃው ነጠላዬን የማስተካክል እየመሰልኩ እቆማለሁ። እሳቸው ገብቷቸዋል፣ ዝም አሉኝ። ከላይ ዞር ስትሉ ጎንደር በሙሉ ከእግራችሁ ሥር ተዘርግታለች። የፋሲል ግንብ ከዚያ ሲታይ ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም። እቴጌዋ ይህን ቦታ ለምን እንደመረጡት የገባኝ እዚያ ላይ ነው። ከተማውን ታያላችሁ፣ የከተማው ወሬ ግን አይደርስባችሁም።

ደግሞም መሸሸጊያ ያስፈልጋቸው ነበር። ታሪኩን አክስቴ እየወጡ፣ ትንፋሽ ሳያጥራቸው ነው የነገሩኝ። አፄ በካፋ ራሳቸውን ደብቀው አገር ሲዞሩ ቋራ ላይ ታመሙ። አንድ ባላገር ቤት ገብተው ተኙ። የባላገሩ ልጅ ማን እንደሆኑ ሳታውቅ አስታመመቻቸው። ሲድኑ አገቧት። «ምን ትዋብ!» የተባለው ያኔ ነው ይላሉ አክስቴ። አፈ ታሪክ ነው፤ ግን ጎንደር ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። መዝገብ ላይ የሰፈረው ደግሞ እንዲህ ይላል። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የዘውድ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ። በካፋ በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሕፃን ነበር። እናትየው ከልጃቸው ጋር ዘውድ ጭነው አገሩን ያዙ። ቀጥሎ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሠ፣ አሁንም እሳቸው ከጀርባው አሉ። ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ነው።

ፋሲል ግቢ ውስጥም የራሳቸው ግንብ አላቸው። ግን ከበካፋ በኋላ ሌላ ሰው ወደዱ። ሰውየው የባላቸው የእህት ልጅ ነው፣ ስሙም ኢያሱ። አደባባዩ «ምልምል ኢያሱ» ብሎ ቀለደበት። ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱለት። እንዲህ ያለ ሐሜት ባለበት ከተማ ውስጥ፣ ተራራ ሥር የራሱን ቤት የማይሠራ ማን አለ? እኔ ብሆን ጣሪያውን ሳልጨርስ ነበር የምገባው።

ስሙን የሰጡት ግብፅ ባለችው ቁስቋም ነው። እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ያረፈችበት ደብር። ለስደተኛ እናት መታሰቢያ የተሠራ ቦታ መሆኑን በልባችሁ ይዛችሁ ግቡ፤ ግቢው ሌላ ይሆንባችኋል።

በሩ ላይ መግቢያ ይከፈላል። ዋጋው ስለሚቀያየር አልጽፈውም፤ ዝርዝር ብር ይዛችሁ ሂዱ። አክስቴ ቅጥሩን ተሳልመው፣ አንድ አባት መስቀል አሳልመዋቸው፣ «ይፍቱኝ አባ» «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ተባብለው፣ የሦስት ሰው ጤንነት ጠይቀው እስኪጨርሱ እኔ ዛፍ ሥር ቆሜ ጠበቅኩ። በኋላ አንድ ወጣት ዲያቆን «እማማ ይዘው የመጡት እንግዳ ነው?» ብሎ ተጠጋን። አስጎብኚያችን እሱ ሆነ። ረጋ ያለ ልጅ ነው። ያላወቀውን «እሱን አባቶች ናቸው የሚያውቁት» ይላል። ከሐሙሱ ልጅ በኋላ ይህ ቃል ለጆሮዬ ማር ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ የጥንቱ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በ1866 ጎንደርን አስዘርፈው አቃጠሉ። በ1888 ደግሞ ድርቡሽ ገብቶ የቀረውን አወደመ። ያኔ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ብቻ ተረፈች ይባላል፣ ንብ አባሮላት። ቁስቋም ያቺ ንብ አልደረሰላትም። የአሁኑ ክብ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። ደስ ይላል፣ ንጹሕ ነው፣ ግን ልቤን የወሰደው ከሱ ወዲያ ያለው ነው።

ቤተ መንግሥቱ ፎቅ ነበር። አሁን ጣሪያም ወለልም የለውም። ግድግዳው ግን ቆሟል። ከታች ቆማችሁ ቀና ስትሉ የላይኛው ፎቅ መስኮቶች ሰማይ ሞልቶባቸው ታያላችሁ። የወለሉ ግንድ የሚያርፍባቸው ጉድጓዶች በተርታ ግድግዳው ላይ አሉ፤ ልክ ቁልፍ የረገፈበት ሸሚዝ። እዚህ ላይ ነው ሐሙስ ያለፈኝ ነገር ዓይኔ ውስጥ የገባው።

ግድግዳው ተጠልፏል።

ሌላ ቃል የለኝም። አብዛኛው ግንብ ተራ ጥቁር ድንጋይና ኖራ ነው። በመስኮቶቹ መሀልና ዙሪያ ግን ቀላ ያለ ለስላሳ ድንጋይ ገብቶ መስቀል ተቀርጾበታል። ጠዋት ፀሐይ በሰያፍ ስትመታው እያንዳንዱ ጠርዝ ጥላ ይጥላል፣ ቅርጹ ከግድግዳው ተነሥቶ ይወጣል። በቀትር ብትሄዱ ግን ልሙጥ ድንጋይ ነው። ሐሙስ ያላየሁት ለዚህ ነው። ልጁን ብቻ መውቀስ የለብኝም።

ሜትሬ ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ናት። አውጥቼ በሩቁ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አንዱን መስቀል መለካት ጀመርኩ። ወረቀት ስላልያዝኩ የሠርጉን መጥሪያ ጀርባ ላይ ነው የሳልኩት። አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ አንገት ላይ መስቀል ስንጠልፍ ከመሀል ነው የምንነሣው። ወደ አራቱ ጫፍ እየበተንን እንሄዳለን። ይህን የቀረጸው ሰውም ከመሀል ተነሥቷል። እንዴት አወቅሽ አትበሉኝ። ክንዶቹ መሀሉ ላይ እኩል ናቸው፣ ወደ ጫፍ ሲደርሱ ግን አንደኛው ትንሽ አጥሯል። ቦታ አልቆበት ነው! ድንጋዩ አላደረሰውም። ይህ እኔ ላይ በሳምንት አንዴ ይደርሳል። ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው ያው የኔ ችግር ደርሶበት ሲወጣው ማየት፣ ብቻዬን አሳቀኝ። ዲያቆኑ ግራ ገብቶት አየኝ።

መስቀል ብቻ አይደለም። አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባ አንበሳ ላይ ተቀምጠው አሉ። አቡነ ኤዎስጣቴዎስም አሉ፣ ባሕሩን ሲሻገሩ። ገድላቸውን ለማታውቁት፣ ወደ አርመን አገር የተሻገሩት አጽፋቸውን ውሃው ላይ ዘርግተው ነው። ልብስ ላይ ተሳፍረው! ዲያቆኑ በጣቱ ባያሳየኝ እኔ ለይቼ አላውቃቸውም ነበር። አንዴ ካያችኋቸው በኋላ ግን አይጠፉባችሁም። እኔ ቆሜ ማሰብ ጀመርኩ።

«ጨርቁ ምን ቢሆን ነው ያልሰመጠው?» አልኩ።

«እምነቱ ነዋ!» አሉ አክስቴ። «ጨርቅማ ይሰምጣል።»

ወደ ሌላ ከማለፌ በፊት ስለ መስኮቶቹ አንድ ነገር። በ1770 ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ጎንደር ገባ። እሱ ሲደርስ ቁስቋም ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ የእቴጌዋ የልጅ ልጆች ታመው ነበር። ሐኪም ነው ተብሎ ተጠራ። ሕፃናቱን ያገኛቸው በርና መስኮት ተዘግቶ በታፈነ ክፍል ውስጥ ነው። እሱ መጀመሪያ ያደረገው መክፈት ነው። አየር አስገባ፣ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አጠነ፣ በኮምጣጤ አሳጠበ። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ዳነ። ወይዘሮ አስቴር ከምልምል ኢያሱ የተወለዱት የእቴጌዋ ልጅ ናቸው። ብሩስም ከዚያ ወዲህ እዚያው ግቢ ውስጥ ማረፊያ ተሰጠው። ይህን አስቀድሜ አንብቤው ነበር። እነዚያ ባዶ መስኮቶች ሥር ቆሜ ሳስበው ግን ነፋሱ በሁሉም ይገባል፣ የሚዘጋቸው የለም።

አጽሙ ያለበትን ክፍል ዲያቆኑ ነው የከፈተልን። ጫማ አወለቅን። ትንሽ ክፍል ናት፣ ዓይን እስኪለምድ ትጨልማለች። ፊቱ መስታወት የሆነ ሣጥን አለ። ውስጡ የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አጽም ነው። ሦስት ነገሥታት፣ አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ሰው ሊሸከመው በሚችል ቦታ።

እኔ ሰው ሳይ ዓይኔ ሳላዘው ይለካል። ትከሻ፣ ወገብ፣ ቁመት። ይህ የሥራ በሽታ ነው፣ አውቶቡስ ውስጥም ያደርገኛል። እዚያም ሞከርኩ። ለእቴጌዋ ስንት ሜትር መነን ይበቃቸው ይሆን አልኩ። አልሆነም። አጥንት ልክ አይሰጥም።

አክስቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። ለእቴጌዋ ብቻ አይደለም። ልጃቸው አፄ ኢያሱ በ1755 ሞተ። ቋረኞች ዘመዶቻቸውና የኢዮአስ የእናቱ ወገን የሆኑት ኦሮሞዎች በሥልጣን ተጣሉ። እቴጌዋ ያስታርቀኛል ብለው የትግሬውን ገዢ ራስ ሚካኤል ስሑልን ጠሩ፣ እሱም አስቴርን አገባ። እሱ መጥቶ በ1769 ኢዮአስን አስገደለው። ኢዮአስ ለእቴጌዋ የልጃቸው ልጅ ነው። ገዳዩ ደግሞ አማቻቸው። ከዚያ በኋላ የቀረ ዕድሜያቸውን እዚሁ ቁስቋም በኀዘን ጨረሱ፣ በ1773 አረፉ። «አማች አምጥታ ልጇን አስበላች» አሉ አክስቴ ሲወጡ። ቀጥለው ደግሞ «እኛስ ሰሞኑን አማች አምጥተን አይደል? እግዜር ይጠብቅልን» አሉ። አዲሱ የእህቴ አማች ባንክ ነው የሚሠራው። ብዙም አልሰጋሁም።

አሁን ስለ ዛፎቹ። ሰው ስለ ቁስቋም ሲጽፍ ግንቡን ብቻ የሚያወራው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። እኔ ረጅሙን ሰዓት ያሳለፍኩት ዛፍ ሥር ነው። ከዚያ ተራራ ላይ ዙሪያውን ስታዩ አገሩ ወይ እርሻ ነው ወይ ባሕር ዛፍ። አገር በቀል ዛፍ ተሰብስቦ የምታዩት ደብር ባለበት ነው። የደብር ዛፍ አይቆረጥማ። በጥር እንኳን፣ ሜዳው ደርቆ ቢጫ ሲሆን፣ ቅጥሩ ዙሪያ ጥላ አለ።

ጽዱን በጠረኑ ታውቁታላችሁ። እርሳስ ስትቀርጹ የሚወጣው ሽታ ነው። ወይራው ደግሞ ወገቡ ጠምዛዛ፣ ቅጠሉ ከላይ አረንጓዴ ከታች ብርማ ነው። ነፋስ ሲገለብጠው ዛፉ በሙሉ ቀለሙን ይቀይራል፣ እንደ ሐር። ካረጁት ቅርንጫፎች ግራጫ ነገር ይንጠለጠላል። ሌላው ሰው ጢም ይለዋል፣ እኔ ዘርፍ እለዋለሁ። ከመሬት የወደቀች የወይራ ጭራሮ አንሥቼ «ለጋን ማጠኛ ትሆንዎታለች» ብዬ ለአክስቴ ባቀብላቸው እጄን መቱኝ። «የደብር ነው! መልሺው!» መለስኩት። ያነሣሁበት ቦታ ላይ አስተካክዬ።

ከዚያ ወፏን አየኋት። ስሟን አላውቅም። ዶሮ የምታህል ባትሆንም ከርግብ ትበልጣለች። አረንጓዴ ናት፣ ጉንጯ ላይ ነጭ አለባት፣ ጅራቷ ረጅም። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እንደ ሽኮኮ ትሮጣለች እንጂ አትበርም። ደረቅ የሆነ የጉሮሮ ድምፅ አላት፣ አያምርም። በኋላ ከአንዱ ጽድ ወደ ሌላው ስትነሣ ክንፏ ተዘረጋ። ውስጡ ደማቅ ቀይ ነው! አረንጓዴ ካፖርት በቀይ ገበር። ልብስ ሰፊ ናት የሠራቻት አልኩ። ስልኬን እስካወጣ ጊዜ ገበሩን ዘግታ ቅጠል ሆና ቁጭ አለች። ፎቶው ላይ ያለው ዛፍ ብቻ ነው።

ከግንቡ ጀርባ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ዋልን። ከታች በኩል የአብነት ተማሪ ድምፅ ይመጣል። አንዷን ስንኝ ደጋግሞ ይላታል፣ ይሳሳታል፣ ከመጀመሪያው ይነሣል። ዓርብ ስለሆነ አክስቴ አልቀመሱም። እኔ ግን ሆዴ ጮኸ። ቆሎዬን ይዤ ከወይራው ጀርባ ዞርኩና ድምፅ ሳላሰማ ልበላ ሞከርኩ። ቆሎ ድምፅ ሳያሰማ አይበላም። «ብይ እባክሽ» አሉኝ ከዚያ ማዶ፣ «እግዜር አንችን ቆጥሮ አይጨርስም።»

እንግዲህ ልትሄዱ ካሰባችሁ የምለው ይህ ነው። ጠዋት ሂዱ። ሦስት ሰዓት ስጡት፣ ግማሽ ቀን ካላችሁ ደግሞ ግማሽ ቀን። ቦታው ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ነጠላ ያዙ፣ ጫማችሁ በቀላሉ የሚወልቅና መሬት የሚይዝ ይሁን። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ፣ በተለይ ከአጽሙ ክፍል ውስጥ። አስጎብኚ ከመንገድ አታንሡ፤ በሩ ድረስ ሄዳችሁ እዚያ ያለውን ጠይቁ። ለሚያስጎበኛችሁ ልጅ የሻይ አትርሱለት። ውሃና የሚበላ ይዛችሁ ውጡ፤ ሽሮም ቡናም ዳገቱን ከወረዳችሁ በኋላ ከተማው ውስጥ ታገኛላችሁ። ወደ ጎንደር ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ዳገቱ ቀልድ አይደለም። የሚሯሯጥ ሕፃን ካላችሁ እጁን ያዙት፤ ፍርስራሽ ነው፣ ድንጋዩ ሁሉ ቦታው ላይ የጸና እንዳይመስላችሁ።

«ፋሲል ግቢ ወይስ ቁስቋም?» የሚለኝ ሰው አለ። ሁለቱም የዓለም ቅርስ ናቸው፣ በ1979 የተመዘገበው የፋሲል ግቢ ቅርስ ቁስቋምንም ይጨምራል። ጎንደርን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዩ ከሆነ ፋሲል ግቢን ዘላችሁ ብትመጡ ሰው ይስቅባችኋል። ትልቅ ነው፣ ግርማ አለው። ግን እዚያ ሰው ብዙ ነው፣ ሁሉም ግንብ ፊት ቆሞ ፎቶ ይነሣል። ቁስቋም ያን ጠዋት ከኛ ሌላ ሁለት አሮጊቶችና አንድ አህያ ብቻ ነበሩ። ፋሲል ግቢ የንጉሥ አደባባይ ነው፣ ቁስቋም የሴት ቤት። መርጬ አልደብቅም፣ እኔ የሁለተኛው ነኝ።

የጎደለው ነገር የለም አልልም። ለራሱ ብቻውን ለሚዞር ሰው ድንጋዩ አይናገርም። የሚያስረዳችሁ ሰው ካላገኛችሁ፣ አቡነ ሳሙኤል ከነአንበሳቸው አጠገባችሁ ሆነው ታልፏቸዋላችሁ። ሣርና ቁጥቋጦ በግንቡ አናት ላይ ሥር ሰዷል። ለዓይን ያምራል፣ ለግድግዳው ግን አይበጅም፤ ሥር ስፌት ይፈታል።

ሽሮ ሜዳ ከተመለስኩ በኋላ መጥሪያውን ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ያንን የድንጋይ ቀለም የመሰለ ክር ፍለጋ መርካቶን ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ቡርቱካን አይደለም፣ ቡናማ አይደለም፣ ቀይም አይደለም። መጨረሻ ላይ ሁለት ክር አንድ ላይ አሳልፌ፣ የሸክላ ቀለምና የወይን ጠጅ፣ ፀሐይ ላይ ሳየው ደረሰ። የመጀመሪያውን መስቀል ስጠልፈው አራቱንም ክንድ እኩል አወጣኋቸው። ደረቅ ሆነብኝ። ፈታሁትና አንደኛውን አሳጠርኩት።

አክስቴ ፎቶውን ሲያዩ ደወሉ። «ለኔም ሥሪልኝ፣ ለኅዳር 6 የምለብሰው። እጅጌው ይርዘም። ደግሞ ያችን አጭሯን ክንድ አስተካክያት፣ ሰው ስፌት አትችልም ይልሻል።»

ጨርቁን ቆርጫለሁ። ክንዷን እንዳለች ነው የምተዋት።